ጓቻሮ፦ ስለ ዋሻው "የዘይት ወፍ" ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከተማሪዎች ጋር ጣና ዳር ወፍ ለማየት ስንወጣ ስለዚህ ወፍ አንድ ቀን ካወራሁ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም፤ ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ጓቻሮ ምን ዓይነት ወፍ ነው?

የደቡብ አሜሪካ ወፍ ነው። ቀን ቀን ዋሻ ውስጥ በመዋሉ ይታወቃል። ሲመሽ ይወጣና ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ፍሬ ሲለቅም ያድራል። የሚራባውም እዚያው ዋሻ ውስጥ፣ ዓለት ላይ ነው። ከቬንዙዌላና ከኮሎምቢያ ጀምሮ በኢኳዶርና በፔሩ አድርጎ እስከ ቦሊቪያ ይገኛል፤ ጉያና ውስጥና ትሪኒዳድ ደሴት ላይም አለ።

ላባው ቡናማ ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። ምንቃሩ ጫፉ ላይ እንደ ጭልፊት ቆልመም ይላል፤ ዙሪያውን ደግሞ የድመት ጺም የመሰሉ ጠንካራ ረጃጅም ላባዎች አሉ። ክንፉን ሲዘረጋ 1 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ክብደቱ ግን 400 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ እኛ ጋ የሚሸጥ መካከለኛ ቆሮሶ ያህል ማለት ነው። ሰፊ ክንፍና ቀላል ሰውነት ስላለው ጠባብ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ መብረር፣ ባለበት ማንዣበብ፣ ድንገት መታጠፍ አይከብደውም። እግሩ በአንጻሩ አጭርና ደካማ ነው፤ ዓለት ላይ ለመለጠፍ እንጂ ለመራመድ አይሆንም።

የሌሊት ወፍ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ጥያቄ የሚመጣው ከራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ "የሌሊት ወፍ" የምንላት እንስሳ ወፍ አይደለችም። ጥርስ አላት፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ልጅ ሆነን የሰማነውን ተረት አስታውሱ፤ ወፎች "ግብር ክፈይ" ሲሏት ጥርሷን እያሳየች "እኔ እኮ አይጥ ነኝ" ትላለች፣ አይጦች ሲጠይቋት ደግሞ ክንፏን ዘርግታ "ወፍ ነኝ" ትላለች።

ጓቻሮ እንዲህ የሚያወላውል ነገር የለውም። ላባ አለው፣ እንቁላል ይጥላል፣ ጥርስ የለውም። ሙሉ ለሙሉ ወፍ ነው። የሌሊት ወፍን የሚመስለው አኗኗሩ ነው፦ ዋሻው፣ ጨለማው፣ በድምፅ መንገድ መፈለጉ። እውነቱን ለመናገር "የሌሊት ወፍ" የሚለው ስም ከማንም በላይ የሚገባው ለእሱ ነበር።

እኛ አገር አለ? ማታ ጣና ዳር ያየሁት ወፍ እሱ ይሆን?

እሱ አይደለም። ጓቻሮ ከደቡብ አሜሪካና ከትሪኒዳድ ውጭ አይኖርም። ያያችሁትን ከገለጻችሁልኝ ግን ብዙ ጊዜ መገመት ይቻላል። ከከተማ ወጣ ባለ መንገድ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በመኪና መብራት ዓይኑ እንደ ፍም የሚያበራ ቡናማ ወፍ ከሆነ፣ እሱ ሌሊት ነፍሳት የሚያድን ሌላ ወፍ ነው፤ ለጓቻሮም የሩቅ ዘመድ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ከዛፍ ተነስቶ እየጮኸ ወደ ውኃው የሚሄድ፣ አንገቱን ሰብሰብ ያደረገ ግራጫ ወፍ ከሆነ ደግሞ ማታ ማታ ዓሣ የሚያጠምድ የውኃ ዳር ወፍ ነው።

ገደልና ዋሻ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ግን በአገራችን ሞልተዋል። በደጋው ላይ በፍጥነት የሚወነጨፉት ክንፈ ማጭድ ጥቋቁር ወፎች የዓለት ስንጥቅ ውስጥና የሕንፃ ጣሪያ ሥር ይራባሉ። ክንፉ ላይ ነጠብጣብ ያለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ የሆነው ርግብም የገደል ወፍ ነው፤ አሁን ከተማ ገብቶ ቤታችን ጣሪያ ላይ የሚያድረው ሕንፃውን ገደል አድርጎት ነው። እነዚህ ሁሉ ግን የቀን ወፎች ናቸው። ብርሃን ከማይደርስበት ጥልቅ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ጫጩት ማሳደግ ሌላ ነገር ነው።

ለምን "የዘይት ወፍ" ተባለ?

በጫጩቶቹ ምክንያት ነው። ጎጆ ውስጥ እያሉ ክፉኛ ይሰባሉ፤ ሞራቸው ሲቀልጥ ጥሩ ዘይት ይወጣዋል። ነገሩን ለዓለም ያሳወቀው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነው። በ1799 ከፈረንሳዊው ባልደረባው ከኤሜ ቦንፕላን ጋር ቬንዙዌላ ውስጥ ካሪፔ የምትባል ቦታ ደረሰ። እዚያ የካፑቺን መነኮሳት ሚሲዮን ነበር። ከሚሲዮኑ ራቅ ብሎ ደግሞ ዛሬ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት እንዳለው የሚታወቀው ትልቁ ዋሻ አለ።

ሁምቦልት እንደጻፈው፣ የአካባቢው ተወላጆች በዓመት አንዴ፣ በሰኔ ገደማ፣ ረጃጅም እንጨት ይዘው ወደ ዋሻው ይገቡና ጎጆዎቹን ያፈርሳሉ። ወላጆቹ በሰዎቹ ራስ ላይ እየተሽከረከሩ ይጮኻሉ። የወደቁት ጫጩቶች ሆዳቸው እዚያው ይቀደዳል። ሞራው ከዋሻው አፍ ላይ በሸክላ ድስት ይቀልጣል። የሚወጣው ዘይት ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ነበር፤ ከዓመት በላይ ቢቀመጥም አይበላሽም። የመነኮሳቱ ማዕድ ቤት ከእሱ ሌላ ዘይት አያውቅም። ኑግ ለእኛ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እኔ ግን ያን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር የሚቆየኝ የወላጆቹ ጩኸት ነው።

ሁምቦልት በ1817 ለወፉ ሳይንሳዊ ስም ሰጠው፦ ስቴአቶርኒስ ካሪፔንሲስ። "የካሪፔ የስብ ወፍ" እንደማለት ነው። ካሪፔ ያለው ዋሻ ዛሬ ጥበቃ ይደረግለታል።

ምን ይበላል?

ፍሬ ብቻ። ነፍሳት አይበላም፣ ሥጋ አይነካም። ሌሊት እየበረረ ፍሬ ብቻ በልቶ የሚኖር ሌላ ወፍ በዓለም ላይ የለም። ኒው ዚላንድ ውስጥ ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ቅጠልና ፍሬ የሚበላ በቀቀን አለ፤ እሱ ግን መብረር አይችልም።

የሚወዳቸውን ዛፎች ስነግራቸው የባሕር ዳር ልጆች ሁሌም ፈገግ ይላሉ። አንደኛው ዘንባባ ነው። የእኛን ጎዳናዎች ያስዋበው ዓይነት ባይሆንም ወገኑ ያው ነው። ሁለተኛው የአቮካዶ ዘመዶች ናቸው፤ ጁስ ቤት የምንጠጣው አቮካዶ በሰው እጅ አድጎ ነው እንጂ የጫካ ዘመዶቹ ትንንሽ ፍሬ ነው የሚያፈሩት፣ ወፍ በአንድ ጊዜ የሚውጠው። ሦስተኛው ደግሞ የዕጣን ዛፍ ቤተሰብ ነው። መተማ በኩል ዕጣን የሚቆረጥበት ዛፍ የሩቅ ዘመድ የሆኑ ዛፎች እዚያ ጫካ ውስጥ ይበቅላሉ፣ ፍሬያቸውን ጓቻሮ ይበላዋል።

የሦስቱም ፍሬ ቅባት ይበዛዋል። ወፉ ፍሬ ሲለቅም ዛፍ ላይ አይቀመጥም፤ አየር ላይ እያንዣበበ ፍሬውን በምንቃሩ ነጥቆ ከነዘሩ ይውጠዋል። ሥጋው ሆዱ ውስጥ ይፈጫል፣ ዘሩን ግን መልሶ ይተፋዋል። የበሰለ ዛፍ ፍለጋ ከዋሻው በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ብዙዎቹ ፍሬዎች ጠንከር ያለ መዓዛ ስላላቸው ሽታም ይመራዋል ተብሎ ይታሰባል።

ጩኸቱ ያስፈራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። "ጓቻሮ" የሚለው የስፓኒሽ ስም ራሱ የሚያለቅስ፣ የሚያላዝን ማለት ነው። ሰው ችቦ ይዞ ሲገባ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች አንድ ላይ ይጮኻሉ። ዋሻው ደግሞ ያን ድምፅ እየመለሰ ያባዛዋል። ጩኸቱ ሻካራ ነው፣ የሚያጉረመርምም የሚያንቃርርም ነገር አለበት።

የካሪፔ አካባቢ ተወላጆች፣ ቻይማዎቹ፣ የአያቶቻቸው ነፍስ የዋሻው ጥልቅ ውስጥ ይኖራል ብለው ያምኑ ነበር። ፀሐይም ጨረቃም የማያበራው ቦታ ሰው መግባት የለበትም ይሉ ነበር። "ወደ ጓቻሮዎቹ መሄድ" ማለት ለእነሱ አያቶችን መቀላቀል፣ መሞት ማለት ነው። የሁምቦልት መሪዎችም የሆነ ቦታ ላይ ሲደርሱ ከዚህ በላይ አንሄድም ብለው ቆመዋል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እኛም ቤት ጉጉት ማታ ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሰው ያማትባል፣ አንዳንዱም ድንጋይ ያነሳል። ጉጉቷ ግን አይጥ ፍለጋ ነው የመጣችው። ጓቻሮውም የሚጮኸው ጫጩቱ ስላለች ነው።

ድፍን ጨለማ ውስጥ ግድግዳ ሳይመታ እንዴት ይበራል?

በገደል ማሚቶ። ገደል ፊት ለፊት ቆማችሁ ስትጣሩ ድምፃችሁ ተመልሶ ይመጣል አይደል? ገደሉ ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። ጓቻሮ ጨለማ ውስጥ ሲበር ከጉሮሮው "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" የሚል አጫጭር ድምፅ ያወጣል፤ ተመልሶ ከሚመጣው ድምፅ ግድግዳው የት እንዳለ ይረዳል።

ይህን በሙከራ ያረጋገጠው አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊን ነው፤ ቀደም ሲል የሌሊት ወፎች በማሚቶ እንደሚመሩ ካሳዩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። በ1953 ያሳተመው ሥራ ቀላልና ግልጽ ነው። ወፎቹን ጨለማ ክፍል ውስጥ ለቀቃቸው፣ ምንም ሳይነኩ በረሩ። ጆሯቸውን ሲደፍነው ግድግዳውን ይመቱ ጀመር። ጆሯቸው እንደተደፈነ መብራት ሲያበራላቸው ደግሞ እንደገና በሰላም በረሩ። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ የሚመራቸው ጆሮ ነው፣ ብርሃን ካለ ግን ዓይናቸውን ይጠቀማሉ።

ታዲያ ከሌሊት ወፍ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

በዚህ ነገር ያንሳል፣ በጣም። የሌሊት ወፏ ድምፅ እጅግ ቀጭን ስለሆነ እኛ አንሰማውም፤ ቀጭን ድምፅ ደግሞ ከትንሽ ነገርም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ነፍሳት የሚበሉት የሌሊት ወፎች በጨለማ ትንኝ አሳድደው ይይዛሉ። የጓቻሮ ድምፅ ወፍራም ነው፣ እኛም በደንብ እንሰማዋለን፤ ከትልቅ ነገር እንጂ ከትንሽ ነገር ጥርት ብሎ አይመለስም።

በ1979 የታተመ ጥናት ይህን ለካው። ተመራማሪዎቹ ክብ ሳህኖችን በወፎቹ መንገድ ላይ አንጠለጠሉ። ስፋታቸው 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ወፎቹ ሸሹ፣ ከዚያ ያነሱትን ግን እየመጡ ተላተሟቸው። የእንግዳ ሳህን ያህል ቢንጠለጠል ያውቀዋል፣ የቡና ስኒ ያህል ቢሆን አያውቀውም ማለት ነው። ግን ለእሱ በቂው ነው። ዋሻ ውስጥ ያለው ግድግዳና ዓለት ነው፣ የሚያሳድደው ትንኝ የለውም። ፍሬ ሸሽቶ አያመልጥም!

በማሚቶ የሚመራ ከሆነ ዓይን ለምን ያስፈልገዋል?

ምክንያቱም ሕይወቱ ዋሻ ውስጥ ብቻ አይደለም። ሰው ይህን ይረሳዋል። ጫካ ውስጥ የጨረቃና የከዋክብት ብርሃን አለ፤ ያቺን ጭላንጭል የሚሰበስብ ዓይን ያለው ወፍ ፍሬውን ያያል።

የጓቻሮ ዓይን በዚህ በኩል የሚያስደንቅ ነው። ከሬቲናው (ዓይን ውስጥ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን) አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 1,000,000 ገደማ ደብዛዛ ብርሃን የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ። በ2004 በታተመ ጥናት ነው ይህ የታወቀው፤ አከርካሪ ካላቸው እንስሳት ሁሉ ይህን ያህል ጥቅጥቅ ያለ ዓይን አልተመዘገበም ነበር። ሕዋሳቱ በአንድ ረድፍ ስለማይበቁ እንደ ፎቅ ተደራርበው ነው የተቀመጡት። በዚያ ፈንታ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት ጥቂት ናቸው። ለሌሊት ጫካ ቀለም ምን ያደርጋል?

ጎጆውን ከምን ይሠራዋል? ስንት ይፈለፍላል?

ሣርና እንጨት አያመጣም። ከራሱ ከሆዱ ነው የሚሠራው። የተፋው የፍሬ ቅሪት፣ ኩሱና ዘሮች ተላቁጠው ይደርቁና ዓለቱ ጠርዝ ላይ ዝርግ ወጭት የመሰለ ነገር ይሆናሉ። ጥንዶቹ ዓመት እስከ ዓመት ወደዚያው ጎጆ ይመለሳሉ፤ በየዓመቱ ይጨምሩበታል፣ እየወፈረ ይሄዳል። ባልና ሚስቱ እንቁላልና ጫጩት በሌለበት ወቅት እንኳን፣ ዋሻ ሲውሉ ጎን ለጎን እዚያው ጎጆ ላይ ያርፋሉ።

እንቁላሉ ከ2 እስከ 4 ነው። ሲጣል ነጭ ነው፣ ጎጆው ግን ቶሎ ያቆሽሸዋል። ሁለቱም ወላጆች ተራ በተራ ይታቀፋሉ። ከአንድ ወር ጥቂት አለፍ ሲል ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ረጅሙ። ዶሮ ጫጩቷን ወዲያው ይዛ ትወጣለች፣ የጓቻሮ ጫጩት ግን ከጎጆው ለመውጣት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጅበታል።

ጫጩቱ ከእናቱ ይከብዳል የሚባለው እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይከብዳል። ወላጁ 400 ግራም ሲሆን ጫጩቱ 2 ወር አልፎት ከ600 ግራም በላይ ሊደርስ ይችላል። አንድ ተኩል እጥፍ ነው! ሰዎች ለዘይቱ ሲሉ የሚፈልጉት በዚያ ዕድሜው ነበር።

ምክንያቱ ያለው ምግቡ ውስጥ ነው። ሥጋና ላባ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አብዛኞቹ ወፎች፣ ፍሬ በል የሆኑት ሳይቀሩ፣ ለጫጩቶቻቸው ትልና ነፍሳት ያመጡላቸዋል። ጓቻሮ ግን ፍሬ ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ፍሬው ቅባቱ ብዙ፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጫጩቱ የሚበቃውን ፕሮቲን ለማግኘት ብዙ፣ እጅግ ብዙ ፍሬ መብላት አለበት፤ ከፍሬው ጋር የገባው ትርፍ ቅባት ደግሞ መሄጃ ስለሌለው ሰውነቱ ላይ ይከማቻል። አስተዳደጉም የዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ላባው ሲወጣ ያ ስብ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ለመብረር ሲደርስ ከሲታም ባይሆን እንደ ወላጆቹ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ዋሻው የጠቀመውም እዚህ ላይ ነው። መብረር የማይችል፣ ዘይት የተሞላ ጫጩት ዛፍ ላይ 4 ወር ቢቀመጥ እባብም ጦጣም በልቶ ይጨርሰዋል። ጨለማ ውስጥ፣ ከፍ ያለ ዓለት ላይ ግን የሚደርስበት ጥቂት ነው።

ሄዶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ካሪፔ ላይ ሲመሽ ከዋሻው አፍ ፊት ቆሞ ወፎቹ ሲጎርፉ ማየት አለ። ትሪኒዳድ ውስጥ ደግሞ አሪማ ሸለቆ ያለው የዳንስተን ዋሻ ይታወቃል። ወፎቹን ብርሃን በጣም ስለሚረብሻቸው ባውዛና ፍላሽ አይፈቀድም።

አንድ ነገር ለአገራችን ዋሻዎችም ይሠራል። የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ በተከማቸበት ዋሻ ውስጥ ሂስቶፕላዝሞሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ ሊኖር ይችላል፤ የሚይዘው አቧራው ሲሳብ ነው። ልጆች ዋሻ ገብተው ኩሱን እየረገጡ አቧራ ሲያስነሱ ካያችሁ አስወጧቸው።

ሊጠፋ ነው?

አሁን ለመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ወፎች አይመደብም፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ብዙም ከማያሰጉት ተርታ ነው ያስቀመጠው። ቁጥሩ ግን እየቀነሰ ነው። ቬንዙዌላ የካሪፔውን ዋሻ በ1949 በሁምቦልት ስም የተፈጥሮ ሐውልት አድርጋ ከለለችው፣ የመጀመሪያዋም ነበር። በ1975 ደግሞ ዙሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የሁለተኛው ውሳኔ ትርጉም ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ዋሻውን ብቻ መዝጋት ወፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ ማስራብ ነው፤ የሚበላው ያለው ውጭ፣ ጫካው ላይ ነው።

ዘጌን የምታውቁ ይህን ሳላብራራው ትረዱታላችሁ። እዚያ ጫካው ገዳማቱንና ቡናውን ተጠግቶ ስለቆየ፣ ምንቃሩ ላይ ቀንድ መሳይ የተሸከመው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ዛሬም ክንፉን እያንኳኳ ከሾላ ሾላ ይዘዋወራል። ዛፉ ቢመነጠር ለዚያ ወፍ የቱንም ያህል አጥር ብንሠራለት አይኖርም ነበር።

ዘመዱ ማን ነው?

የቅርብ ዘመድ የለውም። በቤተሰቡ ውስጥ ብቻውን ነው የቀረው። መንገድ ላይ ዓይናቸው የሚያበራው ወፎች የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው ብያለሁ፤ የዘር ግንዱ ግን ከእነሱ የተለየው እጅግ ጥንት ነው። ሰሜን አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የዘመዱ ቅሪተ አካል ተገኝቷል።

በእስያ ዋሻዎች ውስጥም በማሚቶ የሚበሩ ትንንሽ ወፎች አሉ፤ ከምራቃቸው የሚሠሩት ጎጆ ቻይና ውስጥ ሾርባ የሚሠራበት። ሰው ስለሚያምታታቸው ነው የማነሳው። እነሱ ቀን ነው የሚያድኑት፣ የሚበሉትም ነፍሳት ነው። በማሚቶ መመራቱን ከጓቻሮ ጋር አልተወራረሱትም፤ ሁለቱም ለየብቻ ነው የደረሱበት።

ዘሩን ዋሻ ውስጥ ከተፋው ዘሩ ይሞታል። ታዲያ ለጫካው ምን ይጠቅመዋል?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶችም ልክ እንደ እሷ ነው ያሰቡት። ዋሻው ወለል ላይ የተተፋ ዘር ተከምሮ ይገኛል። ከፊሉ ይበቅላል። ቡቃያው ነጣ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና ዘሩ ውስጥ ያለው ስንቅ ሲያልቅ ይደርቃል። ሁምቦልትም ይህን የገረጣ ቡቃያ አይቶታል፤ መሪዎቹ በዝምታና በፍርሃት እንዳዩት ጽፏል። ክምሩን ፌንጣ፣ ሸረሪትና አይጥ ይኖሩበታል፤ ለዋሻው ውስጥ ሕይወት እንጀራው እሱ ነው። ለዛፎቹ ግን ኪሳራ ነው የሚመስለው። እንደዚህ ከሆነ ጓቻሮ የዛፉን ፍሬ ይበላል፣ ለዛፉ ምንም አይመልስም።

በ2009 የታተመ ጥናት ይህን ገለበጠው። ተመራማሪዎቹ በካሪፔ ወፎች ላይ የሚሄዱበትን የሚመዘግብ ትንሽ ጂፒኤስ አሰሩላቸው። ሰው ሁሉ ያሰበው ወፎቹ ሌሊት ወጥተው ንጋት ላይ ወደ ዋሻው እንደሚመለሱ ነበር። መዝገቡ ግን ሌላ አሳየ። ያልታቀፉትና ጫጩት የማይመግቡት ወፎች ዋሻ የሚውሉት በአማካይ ከ3 ቀን አንዱን ብቻ ነው። የቀሩትን ቀናት ጫካው መሃል፣ ዛፍ ላይ፣ ዝም ብለው ተቀምጠው ነው የሚያሳልፉት። ለ200 ዓመት ያህል ሰው ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ነው የጠበቃቸው፣ ስለዚህ ይህን አላየም።

ዛፍ ላይ ሲውሉም ሆዳቸው ሥራውን አያቆምም። ሌሊት የዋጡትን ዘር አንድ በአንድ ይተፉታል። የሚወድቀው ደግሞ እርጥብ አፈርና ብርሃን ባለበት፣ ከእናት ዛፉ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው።